ሳይሞላ የተነሳው ጀሪካን

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በታች የምነግርህን በዓይኔ ባላይ ኖሮ እኔም አላምንም ነበር። እኔ ደግሞ ብዙ ያየሁ ሰው ነኝ። ሩዋንዳ ሠፈር ያለው የጽሕፈት መኪና ማስተማሪያ ቤቴ ያላሠለጠነው ጸሐፊ በአገሩ ላይ ካለ፣ ገና ያልተቀጠረ ነው። እንግሊዝኛዬን የሰሙ እንግሊዞች የራሳቸውን መጠራጠር ጀምረዋል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስደነግጥ ነገር በቀላሉ አይገኝም። በዚያ ቀን ግን የደነገጥኩት ድንጋጤ ለቦሌ ክፍለ ከተማ ሕዝብ ቢከፋፈል ለየካም ይተርፍ ነበር።

ጊዜው የሰማንያዎቹ ማብቂያ ነው። ገርጂ ያኔ ግማሿ ቤት፣ ግማሿ ጭቃ ነበረች። ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር የሠፈሩ ሰው ሁሉ ቦኖው ፊት ጀሪካኑን ደርድሯል። ሳላጋንን፣ ሰልፉ መገናኛ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ታክሲ ፍለጋ በዚያ ሳልፍ፣ አንድ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው በቢጫ ጀሪካን እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ሲያስሩ አየሁ። ቀና ሲሉ ሃጂ ሰዲቅ ናቸው! ሥጋ ወደ ጅዳ የሚልኩት፣ የራሳቸው ቢሮና መርሰዲስ ያላቸው የወሎው ነጋዴ ሃጂ ሰዲቅ!

«ሃጂ!» አልኩ፣ «እርስዎ ነዎት ወይስ መንፈስዎ?»

«ምነው አለም፣ ጀሪካን መያዝ ሃራም ሆነ እንዴ?»

«ሠራተኛ እያለዎት?»

«ሠራተኛዋ ለእህቷ ሠርግ ደሴ ወርዳለች። ባለቤቴን ሐቢባን ጉልበቷን ያማታል። እኔስ ለአንድ ጀሪካን እጄ ይቆረጣል?»

«ታዲያ እዚህ ቆመው ሊውሉ ነው? ቢሮውስ?»

ሃጂ ሳቁ። «ምን አሳብዶኝ እቆማለሁ! ዘውዲ አለች አይደል?»

ዘውዲ የቦኖው ጠባቂ ናት። ድምጿ ኤርፖርት ያረፈ አውሮፕላን መልሶ ያስነሳል። የማን ጀሪካን የትኛው እንደሆነ ከምልክቱ ታውቃለች፤ ተራው ሲደርስ ከቧንቧው ሥር ታደርገዋለች፤ ሲሞላ ባለቤቱን ትጠራለች። ባለቤቱ ቤቱ ሆኖ ቢሠራ፣ ቢተኛ፣ ቢጣላ የራሱ ጉዳይ ነው።

«ዘውዲ፣ አደራ!» አሏት ሃጂ። «ቀይ ጨርቅ ያለበት የኔ ነው። ሲሞላ ወደ ቤት ተጣሪ፤ ሐቢባ ሰው ትልካለች። ሳይሞላ ማንም እንዳያነሳው!»

«በእኔ ይጣሉት ሃጂ! ሳይሞላ የሚያነሳ ካለ ከነእጁ ከቧንቧው ጋር አስረዋለሁ!» አለች ዘውዲ። ሰልፉም ሳቀ።

ሃጂ በመርሰዲሳቸው ይዘውኝ ወደ ሩዋንዳ ሠፈር ጉዞ ጀመሩ። ቢሮአቸው ከማስተማሪያ ቤቴ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው። መንገድ ላይ ፊታቸው ጠቆረ።

«አለም፣ ያቺ የወንድሜ ልጅ ሀጀር ኮምፒውተሬን አባልጋዋለች።»

«እንዴት አድርጋ?»

«ጠይቆ ይሄዳል! ድሮ ጅዳን ሲጠይቅ ጅዳ እስኪመልስ ድረስ ቀጥ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ትናንት ፕሮግራሙን ለወጠችው። አሁን ጠይቆ ዞር ብሎ ሌላ ሥራ ይሠራል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ አይታመንም! ጠይቆ ዞር ያለ ሰው ዕቃውም ዞር ብሎ ነው የሚጠብቀው።»

የሃጂን ቢሮ ደንብ ለማታውቅ አንባቢ ልንገርህ። በዚያ ቤት የጠየቀ ቆሞ ይጠብቃል። ተወልደ የሚባለው ጸሐፊያቸው የውጭ አገር ስልክ በኦፕሬተር አስመዝግቦ፣ መስመሩ እስኪገኝ ሪሲቨሩን ይዞ ይቆማል። ቁጭ አይልም፣ ሻይ አይጠጣም፣ ሌላ ወረቀት አይነካም። ብዙ ከመቆሙ የተነሳ እግሩ ሥር ያለው ሊሾ ጎድጉዷል፤ ዝናብ ቢገባ ኩሬ ይሠራ ነበር።

እዚያ ስንደርስ ተወልደ እንደ ልማዱ ሪሲቨሩን ጆሮው ላይ ደግኖ ቆሟል። ጥግ ላይ፣ ወንበር ጫፍ ላይ፣ ጥቁር ለብሰው የተቀመጡ ሰው አሉ። አቶ ገብረዋሕድ ናቸው፤ ሃያ ሁለት አካባቢ የቤት መሥሪያ ዕቃ የሚሸጡ የአድዋ ሰው። ታላቅ ወንድማቸው ኣምደሚካኤል ሮም ላይ አርፎ አስከሬኑ ሊመጣ ነው። ሃጂ ሥጋ ከመላክ ሌላ፣ ከውጭ የሚመጣ ጭነት ወረቀቱን የሚጨርሱ ስለሆነ ጉዳዩን የያዙት እሳቸው ናቸው።

«ሃጂ፣ እንደምን አደሩ» አሉ አቶ ገብረዋሕድ፣ ዓይናቸው ቀልቷል። «ከሮም የሰማችሁት አለ? ድንኳኑ ሞልቷል። ካህናቱ ተዘጋጅተዋል። ዛሬ ከሆነ ለቀስተኛውን ይዤ ኤርፖርት ልውጣ፣ ነገ ከሆነም ሰውን ላሰናብት። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንድሜ ሠላሳ ዓመት በባዕድ አገር ኖሮ፣ አገሩ ሲገባ አንድ የሚያለቅስለት ሰው ቆሞ ሳይቀበለው እንዳይወርድ።»

«ኢንሻ አላህ አይሆንም!» አሉ ሃጂ። «ተወልደ፣ ሮም?»

«አልተገኘም ሃጂ። ከጠዋት ጀምሮ አለሁ።»

የቀረው ተስፋ ኮምፒውተሩ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ የስልክ መስመር ያለው ሰው ይከበራል፤ ሁለት ያለው ይፈራል። ሃጂ ከተወልደ ስልክ ሌላ ሁለት አላቸው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ፣ ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር በስልክ ሽቦ የሚያነጋግር ሞደም የሚባል ሳጥን ተሰክቷል። በአንደኛው የጅዳው ሥጋ ገዢ መልእክት ይገባል፤ በሁለተኛው የሮሙ ወኪል። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ሀጀር ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የመጣች፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የምትለብስ፣ ስትናገር ጣቷ ሳይቀር የሚናገር ልጅ።

«አጎቴ፣ መጡ? ሁለቱንም መስመር እየጠበቅኩ ነው» አለች። ይህን ብላ ሳትጨርስ ፕሪንተሩ እንደ ወፍጮ ጮኸ።

ወረቀቱን ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ ባለበት እኔ እያለሁ ሌላ ሰው ያንብብ? ዓይኔን ቀድሜ ሳልሰድድ፣ እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጮክ ብዬ ጀመርኩ።

«‹ለአቶ ገብረዋሕድ። የወንድምዎ የአቶ ኣምደሚካኤል አስከሬን...›»

አቶ ገብረዋሕድ ብድግ አሉ። «እሺ፣ እሺ?»

«‹...በሚገባ ታርዶ፣ ስቡ ተለይቶለት፣ እንደቀዘቀዘ ደርሶናል። ደንበኞቻችን ጣዕሙን እጅግ ወደውታል። በሚቀጥለው ሳምንትም ተመሳሳዩን...›»

አንባቢ ሆይ! ልቤ ከቦታዋ ተነስታ ናዝሬት ደርሳ የተመለሰች መሰለኝ። አቶ ገብረዋሕድ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ሓወይ! ኧረ ሓወይ! ወንድሜን ምን አደረጉብኝ!» ብለው ሲጮኹ የሕንፃው መስኮት ረገፈ፤ ቢያንስ እኔ የረገፈ መስሎኛል። ሃጂ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ግድግዳ ያዙ። ተወልደም ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሪሲቨሩ ከእጁ ወደቀበት። የተንጠለጠለው ሪሲቨር ውስጥ «ሃሎ፣ ሮም...» የሚል የሴት ድምፅ ሁላችንም ሰማን። ተወልደ ጎንበስ ብሎ እስኪያነሳው ድምፁ ጠፋ።

«ሄደ» አለ ተወልደ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «መጥቶ ሄደ።»

ሀጀር ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ አየችው። «የሁለት መልእክት ግማሽ ግማሽ ነው! መጀመሪያው የሮም ነው፤ ቀጥሎ ያለው የጅዳ፤ የፍየል ሥጋው። አባቴ አቶ ገብረዋሕድ፣ በአላህ ይረጋጉ፣ ወንድምዎ ምንም አልሆኑም!»

«ሞቷል እኮ ልጄ» አሉ ሰውዬው እያለቀሱ።

«ማለቴ... ከዚያ ወዲያ ምንም አልሆኑም።»

ሃጂ ከግድግዳው ተላቀቁ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር፤ ከጩኸት የበለጠ ያስፈራል። «ሀጀር። ስሚኝ። የመምጫው ሰዓት የታለ?»

«ጠፍቷል አጎቴ። የጅዳው መልእክት ላዩ ላይ ተጽፎበት ነው።»

«እንግዲያው ማሽኑን ወደ ድሮው መልሺ። እኚህ ሰው ወንድማቸውን ሳይቀበሉ ቢቀሩ ማሽኑ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይወጣል፤ አንቺም ደሴ አባትሽ ሱቅ ትገቢና ሸማ ትለኪያለሽ። ጨረስኩ።»

ሌላ ልጅ ብትሆን ታለቅስ ነበር። ሀጀር ግን ወንበር ስባ ለአጎቷ አቀረበች።

«ይቀመጡ አጎቴ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልክድም። ግን ወደ ድሮው ከመለስኩት የሮም መልእክት ከነጭራሹ አይገባም። ድሮ ጅዳን ጠይቆ ጅዳ እስኪመልስ ደንዝዞ ይቆም አልነበር? በዚያ መሃል ሮም ቢጠራ፣ ቢጮኽ፣ ማን ይሰማዋል?»

«መቆሙ ታማኝነቱ ነው!»

«ተወልደስ ታማኝ አይደለም? ሲቆም ዋለ፤ መልሱ የመጣው እጁ በዛለበት ደቂቃ ነው። ቆሞ መጠበቅ የሚጠቅመው ያልደከመ ሰው ሲጠብቅ ነው።»

ተወልደ ሪሲቨሩን እንደገና ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ወደ ሊሾው አወረደ።

እዚህ ላይ እኔም አስተዋይነቴን ላሳይ ብዬ ገባሁበት። «እኔ የምለው፣ ለምን በየደቂቃው እየሄደ አያይም? ጅዳ መጣ? አልመጣም። ሮም መጣ? አልመጣም። ጅዳ መጣ?»

«ጋሽ አለም» አለች ሀጀር፣ «ዛሬ ጠዋት ገርጂ ቦኖ ላይ ውሃ ነበር?»

«ሰልፍ ነበር።»

«አጎቴ ጀሪካናቸውን ትተው ከመጡ በኋላ፣ ከዚህ እስከ ገርጂ በየደቂቃው እየተመላለሱ ‹ዘውዲ፣ ሞላ? ዘውዲ፣ ሞላ?› ቢሏት ምን ትላለች?»

«በጆክ ትፈነክተኛለች» አሉ ሃጂ፣ ሳይወዱ በግድ ፈገግ ብለው። ወዲያው ግን ፈገግታቸውን መልሰው ዋጡት። «ጀሪካኑን በምን አወቅሽ?»

«ቀዩን ጨርቅ ከሣጥን ፈልጌ የሰጠሁዎት እኔ አይደለሁም እንዴ? ታዲያ ለምን ቆመው አልጠበቁም? ‹በኔ ቤት የጠየቀ ይቆማል› የሚሉ ሰው እርስዎ አይደሉ?»

እኔ ደነገጥኩ፤ ልጅ አጎቷን እንዲህ ገትራ ስትይዝ አይቼ አላውቅም።

«ያ ውሃ ነው» አሉ ሃጂ። «መልእክት ሌላ፣ ውሃ ሌላ!»

«አንድ ናቸው አጎቴ። እኔ የምጽፈው ፕሮግራም ሞደሙን ራሱ አይነካም። በኮምፒውተሩ ውስጥ ሁሉን የሚያስተዳድር ዋና ፕሮግራም አለ፤ እሱን ዘውዲ በሉት። ‹ይኸውና ባዶ ጀሪካን፤ ከሮም መስመር የሚመጣውን ሙላልኝ› እለዋለሁ። ጀሪካኑ በሜሞሪው ውስጥ የተከለለ ባዶ ቦታ ነው። ከዚያ ዞር ብዬ የፕሪንተሩን ሥራ እሠራለሁ፣ የጅዳውን እጠይቃለሁ። የምሠራው ሲያልቅ እተኛለሁ። ሲሞላ ይቀሰቅሰኛል። ተኝቶ መጠበቅም መጠበቅ ነው፤ ጉልበት አይጨርስም እንጂ።»

«ሲጠራሽ ባትሰሚስ? ሐቢባ አንዳንድ ጊዜ ሬዲዮ ከፍታ አትሰማም።»

«እሱማ ድምፅ ብቻ ቢሆን ነበር። ምልክቱ ግን እንደ ባንዲራ ተሰቅሎ ይቆያል። ዘግይቼ ብመጣም ተሰቅሎ አገኘዋለሁ። ተወልደ ግን ድምፁ አንዴ አመለጠው፣ አለቀ።»

«ውሃው ጨርሶ ባይመጣስ? እስከ ቂያማ ልትተኚ ነው?»

«ልክ አበጅለታለሁ። ልኩ ሲያልፍ ‹ተውኩት፣ ጀሪካኔን ልቀቂልኝ› እላለሁ።»

ሃጂ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ያዝኩሽ! ያኔ ሮጠሽ ትነጥቂያለሽ!»

«አልነጥቅም። ‹እሺ፣ ለቅቄዋለሁ› እስክትለኝ አልነካውም። አለዚያ እኔ ጀሪካኑን ለዘይት ስወስደው እሷ ውሃ ትቀዳበታለች።»

ሃጂ ጢማቸውን ያዙ። እኚህ ሰው ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና ረዳትነት ተነስተው እዚህ የደረሱት በሞኝነት አይደለም፤ የማይገባቸውን ነገር ተቃወሙ ማለት እስኪገባቸው መመርመራቸው ነው። ይህን ጠባያቸውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

«መልካም» አሉ ቀስ ብለው። «ዘውዲ ጎበዝ ናት እንበል። ትጣራለች እንበል። ያለ እሷ ፈቃድ ጀሪካን አይነሳም እንበል። እንግዲያው ይኼ የኔ ፍየልና የአቶ ገብረዋሕድ ወንድም በየት በኩል ተገናኙ? ቧንቧው ሁለት ነው አላልሽም? የጅዳና የሮም?»

«ሁለት ነው።»

«ጀሪካኑስ?»

ሀጀር ልትመልስ ብላ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ አዞረች። ፊቷ ሲገረጣ አየሁ። ጣቶቿ እንኳ ዝም አሉ።

«ሀጀር» አሉ ሃጂ፣ «ጀሪካኑስ?»

«አንድ» አለች በሹክሹክታ።

«አንድ?!»

«ሜሞሪ ለመቆጠብ ብዬ... ድሮ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ስለማይጀመር አንዱ ይበቃ ነበር። ትናንት ሁለቱ አብረው እንዲጠበቁ ሳደርግ ያንኑ ተውኩት። የሮሙ ግማሽ ሞልቶ ሳለ የጅዳው ላዩ ላይ ተቀዳበት። እርስዎም ሁልጊዜ ‹ቆጥቢ› ይሉኝ የለ?»

«ቆጥቢ ብልሽ ውሃና ላምባ በአንድ ጀሪካን ቅጂ አልኩሽ?» ብለው ሃጂ ጠረጴዛውን ቢመቱት የሻይ ብርጭቆው እስከ ጣሪያ ዘለለ። ከዚያ ግን የጠበቅኩት ቁጣ አልመጣም። ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ። «ሌላ ጀሪካን ጨምሪ። በያንዳንዱም ላይ የራሱን ጨርቅ እሰሪ። አሁኑኑ!»

ደንግጬ አየኋቸው። «ሃጂ፣ ወደ ድሮው ይመለስ ብለው አልነበር?»

«ዝም በል አለም፣ ልጅቷ ትሥራ።»

ሀጀር የፊደል ቁልፎቹን መታች፤ ድምፃቸው በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስል ነበር። ለሮም መስመር የራሱን ቦታ፣ ለጅዳም የራሱን ከለለች። ወዲያው ወደ ሮም «መልእክታችሁ ተበላሽቶ ደርሷል፤ ደግማችሁ ላኩ» ብላ ሰደደች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አሏት አቶ ገብረዋሕድ።

«እየጠበቅኩ ነው አባቴ።»

መጠበቅን እኔ ብዙ ጠብቄአለሁ፤ ከደርግ ዘመን የስኳር ሰልፍ ጀምሮ። እንደዚያ ያለ ጥበቃ ግን አላውቅም። የግድግዳው ሰዓት ስድስትን አልፎ ወደ ሰባት ሄደ። ከቦሌ መንገድ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል። ድንገት የጅዳው ሞደም መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፤ ወዲያው የሮሙም። ሁለቱም ባንድ ጊዜ! በስክሪኑ ጥግ፣ ሀጀር መስመሩን ለመከታተል በከፈተቻት ትንሽ መስኮት ውስጥ፣ ፊደሎቹ እንደ ቦኖ ውሃ ይንጠባጠቡ ጀመር።

እኔ ከትከሻዋ በላይ አንገቴን አሰገግኩ። «‹ለአቶ ገብረዋሕድ። የወንድምዎ የአቶ ኣምደሚካኤል አስከሬን በዛሬው የጠዋት አውሮፕላን አልተጫነም...›»

ፊደሉ ቆመ።

«አልተጫነም!» አሉ አቶ ገብረዋሕድ። «በቃ፣ አልተጫነም። ነገ ነው ማለት ነው። ልሂድ፣ ካህናቱን ላሰናብት፣ ሰው በፀሐይ አይንገላታ።» ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ በሩ ተራመዱ።

ከዚያ የሆነውን አንባቢ አታምነኝም። ሃጂ ሰዲቅ፣ እኚያ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ፣ እንደ ነብር ዘለው በሩ ላይ ተገተሩ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«አይሄዱም!»

«ምን ማለትዎ ነው ሃጂ? አልተጫነም አለ እኮ!»

«ገና አላለቀም! ዘውዲ አልተጣራችም!»

«ዘውዲ ደግሞ ማን ናት?» አሉ ግራ የገባቸው ሐዘንተኛ።

«እሱን በኋላ ያውቋታል። ሳይሞላ አይነሳም! እየተንጠባጠበ ያለ ጀሪካን አንስቶ ‹ውሃው ይህ ብቻ ነው› ብሎ የሚሄድ ሰው አይተዋል? ቀድመን ግማሹን አንብበን ወንድምዎን አሳረድነው። አሁንም ግማሹን አንብበን ልናስቀረው ነው? ይቀመጡ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ይቀመጡ!»

አቶ ገብረዋሕድ ቆመው ቀሩ። የሮሙ ሞደም መብራት አንዴ ጠፋ። ሃጂ ወደ ሀጀር ዞሩ፤ እሷም ሳትዞር እጇን ብቻ አነሳች፣ «ይቆዩ» እንደማለት። መብራቱ ተመለሰ። ፊደል ተንጠባጠበ። ቆመ። ተንጠባጠበ። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ ጢው አለች።

«ሞላ!» አለች ሀጀር። «አሁን ይነሳ!»

ፕሪንተሩ ጮኸ። ወረቀቱን በዚህ ጊዜ ሃጂ ቀድመው ያዙት፤ ግን እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ለእኔ አቀበሉኝ። መጀመሪያ እስከ ታች በዓይኔ ጨርሼ፣ ከዚያ አነበብኩ።

«‹...አስከሬን በዛሬው የጠዋት አውሮፕላን አልተጫነም። ትናንት ማታ በተነሳው፣ መንገድ ላይ በሚቆየው አውሮፕላን ቀድሞ ሄዷል። ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቦሌ ይደርሳል። እግዚአብሔር ያጽናዎ።›»

ሁላችንም ወደ ግድግዳው ሰዓት ዞርን። ሰባት ተኩል ሊሆን ነው።

የጅዳው መልእክት በራሱ ወረቀት፣ ለብቻው፣ ከነፍየሉ ወጣ። ማንም አላየውም። ተወልደ ሪሲቨሩን በገዛ ፈቃዱ ዘጋና ድንኳኑ አጠገብ ወዳለው ሱቅ ደወለ፤ ለቀስተኛው በሚኒባስ ተጭኖ በቀጥታ ኤርፖርት እንዲመጣ። እኛ በሃጂ መርሰዲስ ወረድን። ሃጂ ያን ቀን የነዱትን አነዳድ የአውሮፕላኑ አብራሪ ቢያይ ሥራውን ይለቅ ነበር።

ደረስን። ለቀስተኛውም ደረሰ። ሣጥኑ ሲወጣ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ግራና ቀኝ ቆሞ ነበር። አቶ ገብረዋሕድ እጃቸውን ሣጥኑ ላይ አድርገው «ሓወይ፣ መጣህ? እዚህ ነን» አሉ። ይህን አላጋንነውም፤ የተባለው ይኸው ብቻ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሃጂ ገርጂ ድረስ አደረሱኝ። ቦኖው ፊት ሰልፉ አጥሯል። የሃጂ ጀሪካን ከነቀይ ጨርቁ፣ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ክዳኑ ጠብቆ ጥግ ቆሟል።

«ሃጂ! ተጣርቼ ተጣርቼ ሐቢባ አልሰማች አለች!» አለች ዘውዲ። «ግን ማንም አልነካውም!»

«ባንዲራው ተሰቅሎ ቆየኝ» አሉ ሃጂ፣ ለራሳቸው ያህል። ጀሪካኑን መኪናቸው ላይ ጭነው ወደ እኔ ዞሩ። «አለም፣ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የማምነው ቦኖ ላይ ብቻ ነበር ማለት ነው። ቢሮዬ ውስጥ ሰው አቁሜ አደክማለሁ።»

«ልጅቷስ? ደሴ ትሄዳለች?»

«ምን ልትሠራ? እዚህ ጀሪካን ማን ይቁጠርልኝ?»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ምን እንማራለን? በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጉዳይ አስገብቶ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ የሚውለውን ሰው አስበው። እያንዳንዱ ሰው ‹ሲያልቅ እንጠራሃለን› ተብሎ፣ እውነትም ሲያልቅ ቢጠራ፣ ከዚያ የሚተርፈው ጊዜ ሁለተኛ አዲስ አበባ ይገነባል። ይህን ስሌት የሠራሁት ራሴ ነኝና ትክክል ነው። መጠበቅን ግን አትናቀው፤ ጠይቆ የሚረሳ ሰው ቆሞ ከሚጠብቀው ይብሳል። ለእያንዳንዱ ጉዳይ የራሱን ዕቃ ስጠው፣ ምልክት እሰርበት፣ ሥራህን ሥራ፣ ስትጠራ ተነስ። ያልሞላውን ደግሞ አታንሳ፤ ግማሽ ወሬ ይዞ የሮጠ ስንቱን ሰው ሳይሞት አስቀብሯል፣ ስንቱን ሞቶም አሳርዷል! ሽማግሌ ሲጠይቅም ‹አይገባውም› ብለህ አትለፈው። የሃጂ ጥያቄ ባይኖር የሀጀር ትምህርት እስከ ዛሬ ፍየልና ሰው ይቀላቅል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ፎቅ ስወጣ ሌላ ድንጋጤ ጠበቀኝ። ስልኩ አጠገብ፣ ያቺ የጎደጎደች ሊሾ ላይ፣ ወንበር ተቀምጧል። ተወልደ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ደረሰኝ ይሠራል፤ ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ሙሉ በሙሉ ገና አላመነውም። ስልኩ ሲጮኽ ብድግ አለ።

«ሃሎ?»

ከሪሲቨሩ የሴት ድምፅ ወጣ፣ «ሮም ጠይቃችሁ ነበር፤ መስመሩ ተገኝቷል።»

ተወልደ ወደ ሃጂ አየ። ሃጂ ወደ ሀጀር አዩ።

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» አለ ተወልደ። «ሰውየው ደርሰዋል።»

ስልኩን ዘጋ። ወንበሩንም ወደ ኋላ ስቦ፣ ጀርባውን አስደግፎ ተቀመጠ።